ጊዮርጊስ የቆመበት አውድማ

ወንድሜ ቄስ ዕንባቆም ፈሪ ሰው አይደለም። ጅብ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያገኝ «በል እለፍ» ብሎ የሚያባርር፣ ተኩስ ሲሰማ እንኳ መቋሚያውን ይዞ ጉዞውን የሚቀጥል ሰው ነው። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታቦት ከራሱ ላይ መጣል። ይህን ፍርሃት ከነገረኝ ወዲህ ደግሞ ወደ እኔም ተጋብቷል። ታኅሣሥ ሲገባ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ሳለ የእሱ ጉልበት ሲከዳው ይታየኝና ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።

ስንዱ እባላለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዕንባቆም በስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ ዕንባቆም ነው የምለው። የተወለድነው ከትክል ድንጋይ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ ገጠር ነው። ወይራ አፋፍ ብያታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል። አባታችን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ወንድሜ ቤተ ክርስቲያኑን ወረሰ፣ እኔ የወረስሁት አፋቸውን ነው።

ሕመሙ የጀመረው የዛሬ አራት ዓመት ነው። በሐምሌ ከእርሻ ሲመለስ ትከሻዬን አለ። ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ጭኑን፣ እያለ እያለ የቱ ጋ እንደሚያመው ከመናገር የቱ ጋ እንደማያመው መናገር ይቀልለው ጀመር። ጠዋት ሲነሣ «አውድማ ላይ ጥለው በሬ ሲያስረግጡኝ ያደሩ ይመስለኛል» ይላል። ጋቢ ሲደርብ ጋቢው ይከብደዋል። ሰው መስቀል ሊሳለም ክንዱን ያዝ ሲያደርገው ያመዋል። ተኝቶ ያድራል፣ ግን ያልተኛ ሰው ሆኖ ይነሣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በቅዳሴ መካከል ሺህ ጊዜ ያለው ጸሎት ከአፉ መጥፋቱ ነው። ዲያቆኑ ቀስ ብሎ እስኪያስታውሰው ድረስ ላብ ያጠምቀዋል።

እኔ ምን አልሁት? «ብርድ ነው አያ፣ ጋቢ ደርብ» አልሁት። ሌላ ጊዜ በስልክ ሲያቃስት «አርባ ዓመት ሲያልፍ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንተ ትንሽ ቀብጠሃል» ብዬ ስቄበታለሁ። የነርቭን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስስል ሃያ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ በመታሁት ያሰኘኛል።

ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሶ ሲመለስ ታይፈስ ነው ተባለ። በሦስተኛው ሁለቱም ናቸው ተባለ። አንዱ ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከለው፤ ከዓመቱ ግማሹን የሚጾም ቄስ ምን የሚከለከል ሥጋ አለውና ነው? ወጌሻ በቅቤ አሽቶ ሦስት ቀን አልጋ ላይ አዋለው። ሚስቱ የትነበርሽ ጸበል ወሰደችው። ጸበሉ ልቡን አሳርፎለታል፣ ይህን ራሱ ይመሰክራል። ውኃው ሲወርድበት ግን ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ጥርሱን ነክሶ ነው የቆመው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ጸበል አመመኝ ያለ ቄስ ምን ይባላል?

በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ። ጎንደር አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድሁት። ደሙንም ሽንቱንም ራጁንም አዩና «አባ፣ ምንም የለብዎትም» አሉት። ሐኪሙ ይህችን ቃል እንደ ምሥራች ነው የተናገራት። ወንድሜ ግን ደረጃውን ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። ባጃጁ ጋ ስንደርስ ቆመና፣

«ስንዱ፣ ምንም ከሌለብኝ ይህ የሚበላኝ ምንድን ነው?» አለኝ።

እኔም መፍራት የጀመርሁት ያን ቀን ነው።

ከዓመት በኋላ በነሐሴ የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመችኝ አንዲት ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት። ዶክተር ወንጌላዊት ትባላለች፤ ዕድሜዋ እኔ ካስተማርኋቸው ልጆች አይበልጥም። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብላ አዳመጠችው። እንዴት ይተኛል፣ ምን ይረሳል፣ ልብስ ሲነካው ምን ይሰማዋል፣ ሁሉን ጠየቀችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን ቀስ እያለች ተጫነች። ከሰው ፊት አቃስቶ የማያውቅ ሰው እንባው ፈሰሰ።

«አባ፣ ይህ ስም አለው» አለችው። «ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። አጥንትዎ ደህና ነው፤ ጡንቻዎም አልተበላሸም። ሕመም የሚያሰማው ነርቭና አእምሮ ነው ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ ያደረገው። የቤተ ክርስቲያናችሁ ድምፅ ማጉያ አንዳንዴ ያለ ልክ ሲጮህ አላዩም? በደምና በራጅ አይታይም። ሕመሙ ግን እውነት ነው።»

«ይድናል?»

«ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም። ይቀልልዎታል። ማታ ማታ ይህችን ትንሽ ክኒን ይውሰዱ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይራመዱ፣ እንቅልፍዎን ይጠብቁ። አንዲት ነገር ደግሞ እንዳይረሱ፤ ከደከሙ በኋላ ሳይሆን ሳይደክሙ በፊት ይረፉ።»

ወንድሜ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገማትና በዳዊቱ የኋላ ገጽ ላይ ጻፈው። ውጭ ስንወጣ ግን የተናገረው ስለ ስሙ አልነበረም።

«አመነችኝ» አለ።

የዚያን ዕለት እኔ ቤት ምሳ ስንበላ ነው ታቦት የመጣል ፍርሃቱን የነገረኝ። በወይራ አፋፍ ጊዮርጊስ ሦስት ቀሳውስት ነበሩ። አንዱ ወደ ከተማ ገባ። ሁለተኛው ሰባውን ያለፉ፣ ዓይናቸው የደከመ የደብሩ አለቃ ናቸው። ስለዚህ ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱን በራሱ ላይ አክብሮ ወደ ወንዝ የሚያወርደውም፣ በማግስቱ ዳገቱን የሚያወጣውም እሱ ነው። ዳገቱ እንዲያው ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ይፈጃል።

«መሃሉ ላይ ስደርስ እጄ መኖሩን አላውቅም» አለኝ። «እያቃጠለኝ ይሄድና ድንገት ይጠፋብኛል። ታቦቱን የያዝሁት ይሁን፣ በራሱ ይቀመጥ፣ አላውቅም።»

«ታዲያ አልችልም በላቸው።»

እንደ ሕፃን አየኝ። «ስንዱ፣ ታቦት አልሸከምም ያለ ቄስ ምን ሠርቶ ነው ይባላል?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ቄስ ታቦት ፊት ካፈገፈገ ሰው ወገቡን አይጠይቅም፤ ክህነቱን ነው የሚጠይቀው። ሌላ ሴት ዘንድ ሄዷል ይባላል፣ ወይም ነፍስ አለበት ይባላል። ከዚያ በኋላ የየትነበርሽ አንገት ይሰበራል፣ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል።

ክኒኗ ረዳችው። መስከረምንና ጥቅምትን ፋታ አገኘ፤ በስልክ ድምፁ ተለወጠ። ችግሩ ግን ክኒኗ የምትወሰደው ማታ ነው፣ የሚቀድስ ቄስ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ በአፉ ምንም አያስገባም። ለእሁድ ቅዳሜ ማታ ትቀራለች፣ ለበዓሉ በዋዜማው ትቀራለች፤ ተለዋጭ የሌለው ቄስ ስንት ማታ ይተርፈዋል? ይህም ሳያንስ በኅዳር ክኒኗ አለቀችበትና መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከእኔ መቀበል አልቻለም። ከትክል ድንጋይ ሊገዛ ሄደ። መድኃኒት ቤቷ ውስጥ የገበያ ሰው ሞልቷል። ሻጩ ወረቀቱን አየና ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ይህ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ አባ፣ ለማን ነው?» አለ።

ወንድሜ «ለሰው ነው» ብሎ ወጣ። አልገዛም። ለእኔም አልነገረኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ሕመሙን ደበቀ፣ ቀጥሎም መድኃኒቱን ደበቀ፣ በመጨረሻ መተዉንም ደበቀ።

ለአምናው ጥምቀት አገር ቤት ወረድሁ። የጥር ዐሥራ አንድ ጠዋት የወንዙ ዳር ጸሎት አልቆ ሕዝቡ ውኃ እየተረጨ ሲፈነድቅ ወንድሜ ከድንኳኑ ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጥምጣሙን የትነበርሽ ናት እንደ ሕፃን የምታስተካክልለት። ጣቶቹ አይታጠፉም።

«መድኃኒትህን አልወሰድህም?»

«ከኅዳር ጀምሮ ትቼዋለሁ።»

«አያ፣ ንገራቸው። አሁኑኑ ንገራቸው።»

«ዛሬ? ታቦቱ ወጥቶ ካደረ በኋላ?» አለና ተነሣ። ሲነሣ ግንዱን ተደግፎ ነው። የትነበርሽ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። እሷም ሁሉን ታውቃለች፤ ስንት ሌሊት እንዳቃሰተ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጉዞው ተጀመረ። ታቦቱ በካባ ተሸፍኖ ከራሱ በላይ፣ ጃንጥላው ከታቦቱ በላይ። ከበሮው ይመታል፣ ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፣ እናቶች ዕልል ይላሉ። ዓይን ሁሉ ወደ ላይ ነው። እኔ ግን የሴቶቹን ሰልፍ ትቼ በጎን በኩል እየተጋፋሁ እግሩን ብቻ እያየሁ ሄድሁ። አንዲት አሮጊት «ምነው እቴ፣ ትገፊናለሽ?» አሉኝ። አልመለስሁላቸውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት በአፌ እየመጣ ከምራቄ ጋር አብሬ እውጠዋለሁ።

የዳገቱ ግማሽ ላይ አንድ አውድማ አለ። አውድማው ክንዱና ሰውአገኝ የሚባሉ የሁለት ገበሬዎች ነው፤ ወይም የማንኛቸው እንደሆነ አይታወቅም፣ ጠቡም እሱ ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ በወሰኑ ተጣሉና ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም። ሁለቱም ጠመንጃ አላቸው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ አፍሮ ተመልሷል። ክንዱ «ቀድሜ ይቅር ብል ፈራ ይሉኛል» ይላል፤ ሰውአገኝም ያንኑ ይላል። አገሩ ሁሉ ከሁለቱ አንዱ የሚቀበርበትን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

የወንድሜ ግራ እግር አውድማው ጠርዝ ላይ ተነሣና ተመልሶ እዚያው አረፈ። እንደገና ሊነሣ ሞከረ፣ አልተነሣም። ጉልበቱ በልብሱ ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ክርኖቹ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ይከፈቱ ጀመር። ዓይኑን ጨፍኗል። «ጊዮርጊስ፣ አደራህን» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። የምቆጥረው የክርኖቹን መከፈት ነበር፤ ሌላ አንድ ስንዝር ቢከፈቱ ታቦቱ ይወርዳል።

ያን ጊዜ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ሐብተ ማርያም፣ እጃቸውን አነሡ። ከበሮው ቆመ።

«ጊዮርጊስ ቆመ» አሉ።

ቃሉ በሕዝቡ ላይ እንደ ነፋስ አለፈ። ጊዮርጊስ ቆመ። ጊዮርጊስ አልሄድም አለ። ሰው ሁሉ በያለበት ተንበረከከ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ተጀመረ። ከፊት ያሉት መሬት ስመው «ምን በድለን ነው?» ብለው አለቀሱ። አንዱ የጎረቤቱን ድንበር አንድ ትልም መግፋቱን ተናገረ። አንዷ የማኅበሩን ጠላ በውኃ ያቀጠነችው እሷ መሆኗን ተናገረች፤ ይህን እንኳ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዲያቆናቱ ሁለቱም ተጠግተው የወንድሜን ክርኖች ከሥር ደገፉ፤ ታቦት ሲቆም እንዲህ ይደረጋል። ክርኖቹ ተመለሱ። እኔም ትንፋሼ ተመለሰ።

ከዚያ ዝም ተባለ። ሰው ሁሉ ታቦቱ የቆመበትን ቦታ አየ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ወንድማማቾች አየ።

ክንዱ ከታቦቱ ፊት ተንበርክኮ ነበር። ተነሣ፤ ከወሰኑ ካብ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ተሸከመ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ወንድሙ ሄደ። ሰውአገኝ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ልጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች። ሰውአገኝ ጠመንጃውን ይዞ የቆመባት ጊዜ አጭር ናት፣ እኔ ግን በውስጧ አርጅቻለሁ። ከዚያ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኛና ድንጋዩን ከወንድሙ ማጅራት አነሣ። ተቃቅፈው አለቀሱ።

የወንድሜ ግራ እግር ተንቀሳቀሰ። ዕልልታው ትክል ድንጋይ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ቤት ስንገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የትነበርሽ እግሩን በሞቀ ውኃ ታጥባለች። «ዋሸሁ» አለ።

«ምን ብለህ? አፍህን መቼ ከፈትህ?»

«አለመክፈቴ ነው ውሸቱ። ታቦቱ አልቆመም ስንዱ፤ እኔ ነኝ የቆምሁት። በታቦት ስም ሕዝቡን አስለቀስሁት።»

ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም፣ በሌላው ሁሉ። ሦስት ዓመት አሞኛል ሲል ከሐኪሟ በቀር አንድም ሰው አላመነውም፤ ጊዮርጊስ ቆመ ሲባል ግን አገር በሙሉ በአንድ ቃል አመነ። ይህን አልሁት። «አንቺም አላመንሽኝም ነበር» አለኝ።

በሳምንቱ ንስሐ አባቱ ወደሆኑት ወደ አለቃ ሐብተ ማርያም ሄዶ ሁሉን ነገራቸው፤ ሕመሙን፣ ስሙን፣ ክኒኗን፣ እግሩ እንዴት እንደ ከዳው። አለቃ ሰምተው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ አለኝ።

«ልጄ፣ ታቦቱ ለምን እንደቆመ ታውቃለህ? አንተ እግርህ መሰለህ። ፈጣሪ በፈለገው ያቆማል፤ በአህያም ነቢይ አቁሟል። ሕመምህን ለዚህ ከሰጠህ ምን ታማርራለህ?» ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። ሲወጣም «እንግዲህ ከአንተ በቀር ማንም አይሸከመው፤ መርጦሃል» አሉት።

ይህን የነገረኝ ጎንደር መጥቶ ነው። «ከእንግዲህ እስከ ሰባ ዓመቴ ድረስ እኔ ነኝ ስንዱ» አለ። «ያኔ የቆምሁት ገና ግማሹ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ መቆም ባልችልስ? ብወድቅስ?» ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ጉልበቱን ይስማል፤ የሚስሙት ደግሞ የሚያመውን ጉልበት ነው።

የተሻለው ነገር ቢኖር አንድ ነው። የተመረጠ ሰው ስለሆነ አንድ ሳምንት ልቀድስ፣ አንድ ሳምንት ልረፍ ሲል ማንም ለምን አላለውም። ከሌላ ደብር ቄስ ተለመነ። አሞኝ ነው ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህን አያገኝም ነበር። ክኒኗን እንደገና ጀመረ፤ እኔ ከጎንደር ገዝቼ በየወሩ በሚኒባስ እልካለሁ።

ለፋሲካ እንደገና ወረድሁ። በማግስቱ ወንድሜ «ለክንዱና ለሰውአገኝ እነግራቸዋለሁ፤ ዕርቃቸው በውሸት ላይ ከቆመ አንድ ቀን ይናዳል» አለ። ልከለክለው ሞከርሁ። ሁለት ጠመንጃ ባለበት መንደር እውነት መናገር በጣም ያስፈራል። እሱ ግን መቋሚያውን አንሥቶ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። አውድማው ላይ ክንዱን ብቻውን አገኘነው፤ ካቡን ይጠግናል።

«ክንዱ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁ» አለ ወንድሜ። «ያን ዕለት ታቦቱ አይደለም የቆመ። እኔ ታምሜ ነው። እግሬ ከድቶኝ ነው።»

ክንዱ ድንጋዩን አስቀመጠና እጁን በእጁ አራገፈ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ጠመንጃው የት እንዳለ በዓይኔ እፈልግ ነበር።

«አውቃለሁ አባ» አለ ክንዱ።

«ምኑን?»

«ከታቦቱ ፊት ተንበርክኬ አልነበር? ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ የእኔ ዓይን ከእርስዎ ጉልበት ትይዩ ነበረ። ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አባቴም ከመሞታቸው በፊት እንዲህ ነበር የሚያደርጋቸው፤ ሰነፉ እያልን እንስቅባቸው ነበር።» ድንጋዩን መልሶ አነሣ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ስወጣ ወንድሜ ይገድለኝ ይሆን፣ እኔ እገድለው ይሆን እያልሁ ነው የወጣሁ። ይቅር ለማለት ምክንያት አጥቼ እንጂ ልቤስ ከታረቀ ቆይቷል። እርስዎ ሲቆሙ ምክንያት አገኘሁ።»

ወንድሜ እንባውን ጠረገ። «እንግዲያ ለሰውአገኝም እንንገረው።»

«አይንገሩ።» ክንዱ አሁን ፈራ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «እሱ ጠመንጃውን የጣለው ለጊዮርጊስ ነው። ለአንድ የታመመ ሰው እግር መጣሉን ቢያውቅ ያፍራል። ሰውአገኝ ሲያፍር ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቅ። ስለ ልጆቼ ብለው፣ አይንገሩ።»

እንዲህ ሆነና ወንድሜ ሳይነግረው ሕመሙን ያመነለት ብቸኛ ሰው፣ ዝም በል ብሎ የለመነውም እሱ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ለማንም አልተናገርሁም። ስሞቹን የለወጥሁት ለዚህ ነው።

በግንቦት ክንዱ ወንድሙን ይዞ አለቃ ዘንድ ሄደ። ጊዮርጊስ ከቆመበት ቦታ ላይ በየዓመቱ ቆሞ ጸሎት ይደረግልን፣ የወሰኑን መሬት ሁለታችንም ሰጥተናል አሉ። አለቃ ደስ አላቸው፤ አገሩም ደስ አለው። ሸጋ ነገር ነው ተባለ። ወንድማማቾቹ ድንጋዩን አብረው ደልድለው ክብ መቆሚያ ሠሩ። የዳገቱ ግማሽ ላይ፣ ለጸሎት ተብሎ፣ አንድ የሚያርፉበት ቦታ ተገኘ። ወንድሜ ዜናውን በስልክ ሲነግረኝ «ሳይደክሙ በፊት ይረፉ ብላኝ አልነበር ሐኪሟ?» አለና ከስንት ዘመን በኋላ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስሁ፤ ቀሪው ግማሽ ከፊተኛው ይልቅ ቀጥ ያለ ዳገት ነው።

ዘንድሮም ወረድሁ። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ብርዱ ጸንቶ ስለነበር ሕመሙ ተነሥቶበታል። ክኒኗን ከዋዜማው ጀምሮ አልወሰደም። ጥር ዐሥራ አንድ ከወንዙ ሲነሣ እግሩ ከአምናው አይሻልም ነበር። እንደ አምናው በጎን በኩል እየተጋፋሁ ሄድሁ።

ከድንጋዩ መቆሚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከበሮው ቆመ። ሕዝቡ ተንበረከከ፤ እግዚኦ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ አንጋጧል። ክንዱ ከፊት ለፊት ተንበርክኮ ዓይኑን የወንድሜ ጉልበት ላይ ተክሏል።

ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ክንዱ እግዚኦውን በዚያ ወፍራም ድምፁ ቀጠለ። እሱ እስካላቆመ ሌላው አያቆምም። ዐሥራ ሁለቱ እግዚኦ አለቀ፣ እንደገና ጀመረው። አለቃ ቀና ብለው አዩት፤ ክንዱ አላያቸውም። ሰውአገኝ ከወንድሙ ጎን ሆኖ እንባውን እያፈሰሰ ያስተጋባል። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ የወንድሜ ጉልበት ጸጥ አለ። ክንዱ መሬቱን ሳመና ተነሣ፤ ሕዝቡም አብሮት ተነሣ።

እኔም ተነሣሁ። ከአውድማው እስከ ጊዮርጊስ ገና ግማሽ ዳገት ይቀራል።